የአሮጌ መሣሪያ ዋጋ በታሪኩ ነው

ከአብደራፊ እስከ መተማ ባለው ቆላ፤ ሰሊጥና ማሽላ በሚታፈስበት አገር፤ ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የክብር ንብረት ነው። ሽማግሌው «ይህ መሣሪያ መተማ የዋለ ነው» ካሉ ልጅ አይከራከርም። እኛም የሽማግሌን ቃል እናከብራለን። ነገር ግን ቃሉ ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ማስረጃው ወዴት ነው?

ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሽጉጦች ብረታቸው አንድ ነው። ዋጋቸውን የሚለያየው ማን አስመጣው፤ ማን ለማን ሰጠው፤ በማን ወገብ ላይ ነበር የሚለው ነገር ነው። በውጭ አገር አሮጌ ሽጉጥ የሚሰበስቡ ሰዎች ፋብሪካው መሣሪያውን ለየትኛው ነጋዴ እንደ ላከ ከጥንት መዝገብ ያስመረምራሉ፤ ለተረጋገጠውም አብልጠው ይከፍላሉ።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላኩላቸውን ሁለት ሽጉጦች ቆንስል ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. አስረክቧል። በብር የተቀረጸው ጽሑፍ ሰጪዋንና ተቀባዩን፤ ምክንያቱንም፤ ማለት ለቆንስል ፕላውደን የተደረገለትን ደግነት ይናገራል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ እጃቸውን ላለመስጠት ሕይወታቸውን የሠዉት ከንግሥቲቱ በተላከላቸው ሽጉጥ ነው። ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ሽጉጡን ከዘመን ጓደኞቹ ማን በለየው ነበር?

በአንጻሩ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ከታጁራ አስጭኖ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ አምጥቷል። ከእነዚያ አንዱ ዛሬ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢገኝ፤ ያመጣው ሰው ስም ስላልተጻፈ እንደ ተራ ብረት ይሸጣል።

ታሪክ ዋጋ የሚጨምር ከሆነ ግን ታሪክን የሚፈጥርም ሰው አይታጣም። ስለዚህ መመርመር ያስፈልጋል። ፈረንሳዮች ውጅግራን ለሠራዊታቸው የተቀበሉት በ1866 ዓ.ም. በመሆኑ፤ «ይህ ውጅግራ መቅደላ ውሏል» የሚል ሰው ተሳስቷል። ችኩል መርማሪም እንዲሁ ይሳሳታል። ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት የመተማ ጦርነት የተደረገው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። በብረቱ ላይ 1885 የሚል ቁጥር ያየ ሰው «ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ቁጥሩ ግን የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1877 ወይም 1878 ይሆናል። እንግዲህ ሽማግሌው እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ አዟል። ወጣቱ ሹም መሣሪያ ሲመዘግብ ዓይነቱንና ቁጥሩን ብቻ ጽፎ መዝገቡን ባይዘጋ እንወዳለን። ከማን እንደ ተወረሰ፤ በየት በኩል እንደ ገባ፤ ይህንንም ማን እንደ ተናገረ አንድ መስመር ይጨምር። ተማሪውም ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ከአያቱ ፊት ደብተሩን ይዘርጋ፤ የሰማውን ከተረጋገጠው ለይቶ ይጻፍ።

ይህን የምንለው የጦር መሣሪያ ፍቅር እንዲበዛ አይደለም። ታሪኩ የታወቀ መሣሪያ ከትከሻ ወርዶ በሙዚየም ይከበራል፤ ታሪኩ የጠፋው ግን ዘወትር ለመተኮስ ብቻ ይፈለጋል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።