በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆሙ የሊኑክስ ሥርዓቶች

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች፣ እንደሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ኮምፒውተር የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ዕቃ ከሆነ ሰንብቷል። ይሁንና ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማቆሙ፣ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችሉ የቆዩ ኮምፒውተሮችን ይዘው ለሚሠሩ ተቋማት አዲስ ጥያቄ አስከትሏል። ኮምፒውተሮቹ ይጣሉ ወይስ በሌላ ሥርዓት ይሥሩ የሚል ነው።

ለጥያቄው በቅድሚያ የሚነሳው መልስ ያለ ክፍያ የሚገኘው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት ሲሆን፣ ከመገልገያ ፕሮግራሞች ጋር ተቀናጅቶ ለተጠቃሚው የሚቀርበው ጥቅል ዲስትሪቢውሽን ወይም በአጭሩ ዲስትሮ ይባላል። የዲስትሮዎቹ ብዛት በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ከእነዚህም ውስጥ አነስተኛ የማስታወስ አቅም ላላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች የተዘጋጁት ብዙዎቹ የአንድ ወይም የጥቂት ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የአንድ ዲስትሮ አዘጋጅ ሥራ ጥቅሉን አንድ ጊዜ ሠርቶ በማሰራጨት አያበቃም። በየጊዜው የሚገኙትን የደኅንነት ክፍተቶች ይደፍናል፣ ማሻሻያዎቹን በዲጂታል ቁልፍ ያረጋግጣል፣ የሰርቨርና የድረ ገጽ ስም ክፍያ ይፈጽማል። ይህ ሰው ቢታመም፣ ቢሰለች ወይም ኑሮው ወደ ሌላ ሥራ ቢወስደው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቆማል። ኮምፒውተሩ ግን በማግስቱም እንደወትሮው ስለሚከፈት ተጠቃሚው አደጋውን ወዲያው አያስተውለውም።

ለዚህም በርካታ ምሳሌዎችን መጥቀስ ይቻላል። በቀላልነቱ ተወዳጅ የነበረው ክራንችባንግ የተባለው ዲስትሮ አዘጋጁ ፊሊፕ ኒውቦሮ እ.ኤ.አ በ2015 ሥራውን ማቆሙን ሲያስታውቅ አብቅቷል። የቮይድ ሊኑክስ መሥራች እ.ኤ.አ በ2018 ለባልደረቦቹ ባለመገኘቱ፣ ቀሪዎቹ አዘጋጆች የድረ ገጹን ስም ጨምሮ በእርሱ እጅ የነበሩትን ነገሮች ማዘዝ ተስኗቸው ወደ አዲስ አድራሻ ለመዛወር ተገደዋል። ለትምህርት ቤቶች ታስቦ የተዘጋጀው ኤዱቡንቱም ቢሆን አዘጋጆቹ ኃላፊነቱን ሲለቁ ተተኪ ባለመገኘቱ እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ ተቋርጦ የቆየ ሲሆን፣ የተመለሰው በሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጥረት እ.ኤ.አ በ2023 ነው።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ በ1993 በኢያን መርዶክ የተመሠረተው ዴቢያን መሥራቹ አመራሩን ለሌሎች ካስረከበ በኋላም ጸንቶ ቀጥሏል። የጽሑፍ ደንብ፣ በምርጫ የሚሰየም መሪና ኃላፊነቱን የተከፋፈሉ በርካታ አዘጋጆች ስላሉት እ.ኤ.አ በ2015 የደረሰው የመሥራቹ ሞት ሥራውን አላስተጓጎለውም።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተጠቃሚዎችም ቅርብ ነው። አማርኛን በሊኑክስ ለመጻፍና ለማንበብ ያስቻለው ሥራ በአመዛኙ የጥቂት ግለሰቦች ልፋት ውጤት ነው። ሴራ የተባለውን፣ የግዕዝ ፊደልን በላቲን ቁልፎች የመጻፍ ስልት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አዘጋጅተውታል። ኮምፒውተሩ የቀናትንና የወራትን ስም በአማርኛ እንዲያውቅ የሚያደርገው ፋይል ዳንኤል ያዕቆብ በመሠረተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን አማካይነት የቀረበ ነው። ዋሽራን የመሳሰሉት የፊደል ቅርጾችም ሰናምርምር በተባለው ፕሮጀክት የተሠሩ ናቸው።

እነዚህ ሥራዎች ከዓመታት በኋላም አገልግሎት መስጠታቸውን የቀጠሉት በባለቤቶቻቸው ኮምፒውተር ብቻ ተወስነው ባለመቅረታቸው ነው። ብዙዎች በጋራ በሚጠብቋቸው እንደ ዴቢያን ባሉ የሶፍትዌር ማከማቻዎች ውስጥ ስለገቡ፣ አንድ ሰው ቢለይ ሌላው ይረከባቸዋል። የክፍት ሶፍትዌር ፈቃድ የመረከብ መብትን ይሰጣል፤ ተረካቢውን ሰው ግን አይፈጥርም።

ይህ እውነት ለምሥራቅ ጎጃም እንግዳ አይደለም። በቢቸና አካባቢ በሚገኘው በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎችም የአብነት ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው የኔታ በሕይወት እያሉ ወንበራቸውን የሚወርስ ደቀ መዝሙር በማፍራታቸው ነው። ተተኪ ያላፈራ ጉባኤ ቤት ከመምህሩ ጋር ይበተናል።

በመሆኑም አንድ ትምህርት ቤት ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ዲስትሮ ከመምረጡ በፊት አዘጋጆቹ ስንት እንደሆኑ፣ የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ እንደወጣና ድጋፉ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ማጣራት ይጠበቅበታል። ጥንቃቄው በራሱ በተቋሙ ውስጥም ያስፈልጋል። ሥርዓቱን የጫነው አንድ መምህር ብቻ ከሆነ፣ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር የይለፍ ቃሉና እውቀቱ አብረውት ሊሄዱ ይችላሉ። ቢያንስ ሁለት ሰዎችን ማሠልጠን፣ የአጫጫን ሂደቱን በአማርኛ በጽሑፍ ማስቀመጥና የመጫኛውን ቅጂ በተቋሙ መዝገብ ቤት ማኖር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ተግባር አይደለም።

አንድ እንጨት አይነድም እንዲሉ፣ በአንድ ሰው ፈቃደኝነት ብቻ የቆመ ሥርዓት የቱንም ያህል ቀላልና ፈጣን ቢሆን የተማሪዎች ሥራና የሕዝብ መዝገብ በአደራ የሚሰጠው ሊሆን አይገባም።