የጀልባ ሞተር እየዞረ አልነሣ ስለሚልበት ምክንያትና ስለ ሹማምንት ኀላፊነት

የጣና ባሕር በሚያዋስናቸው በደራ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ውኃ በረከትም ነው፤ መከራም ነው። ርብና ጉማራ ከደጋው ለም አፈር ይዘው እየወረዱ የፎገራን ሜዳ ያለመልማሉ፤ ሩዙም፣ ሽንኩርቱም፣ የከብቱም ግጦሽ የሚገኘው በእነርሱ ነው። ነገር ግን ክረምቱ የበረታ እንደ ሆነ እነዚሁ ወንዞች ከአፋቸው አልፈው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ላይ የደረሰው ጎርፍ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ እንዳፈናቀለ የአገሩ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። እንዲህ ባለው ቀን መንገዱ ይቈረጣል፤ በቅሎም ሆነ መኪና አያልፍም። ያን ጊዜ ሰውንና እህልን ለማሻገር ተስፋ የሚጣለው በጀልባ ላይ ነው፤ የጀልባውም ጉልበት ከኋላው የተሰቀለው ሞተር ነው።

እንግዲህ ያ ሞተር በዚያች ሰዓት ገመዱ ሲሳብ እየዞረ አልነሣ ቢል ምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም። ሞተሩ በአደራ የተሰጠው ለወረዳው ነውና፣ መልሱንም አስቀድሞ ማዘጋጀት የወረዳው ሹም ሥራ ነው።

በጣና ዳር የኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ውኃውን የሚሻገረው ከደንገል በታሰረ ታንኳ ነበር። ታንኳው ቢበሰብስ ሌላ ይታሰራል፤ የሚሠራውም የሚያድሰውም የሚቀዝፈውም ያው አንዱ ባለ ታንኳ ነው፤ ዕውቀቱና መሣሪያው ተለያይተው አያውቁም። ከኋላ የሚሰቀለው የጀልባ ሞተር ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ትውልዱ የኖርዌ የሆነው አሜሪካዊው ኦሌ ኤቪንሩድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1909 ዓ.ም. ለገበያ ካቀረበው በኋላ በዓለም ተስፋፋ። በጣናም በዚያው አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በተጀመረው የዓሣ ሀብት ልማት ሥራ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለአስጋሪዎች ቀረበ። ነገር ግን ሞተሩ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርድ ዕውቀቱ አብሮት ካልወረደ፣ ባለ ጀልባው ከአባቱ ይልቅ ደካማ ይሆናል፤ የአባቱ ታንኳ አልነሣም ብላው አታውቅምና።

ሞተር አልነሣ ሲል ዘወትር የሚሰጠው ፍርድ «ተበላሽቷል» የሚል ነው። ይህ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው። የቤንዚን ሞተር እንዲነሣ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነዚህም ከአየር ጋር በልክ የተቀላቀለ ንጹሕ ቤንዚን፣ በጊዜው የሚፈነጥቅ የካንዴላ ብልጭታ፣ በሲሊንደሩም ውስጥ የሚታመቅ ግፊት ናቸው። ሞተሩ ከዞረ ገመዱ ወይም ባትሪው ሥራውን ፈጽሟል ማለት ነው፤ የጐደለው ከሦስቱ አንዱ ነው። ስለዚህ ነገሩ በተራ ከተመረመረ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ምንም ሳይፈታ መታየት ያለበት አለ። የማጥፊያው ቀይ ገመድ በቦታው ካልተሰካ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አይነሣም። የቤንዚኑ መያዣ መክደኛ መተንፈሻው ተዘግቶ ከሆነ ቤንዚኑ አይፈስም። ቱቦው በሁለቱም ጫፍ በደንብ መግባቱን፣ በመካከሉም ያለችው የእጅ መጭመቂያ ኳስ እስክትጠነክር ድረስ መጨመቋን ማረጋገጥ ይገባል። ማርሹም በነጻ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ያለ መፍቻና ያለ ገንዘብ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጸም ነው።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሞተሩ አሁንም እንቢ ካለ ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ። ካንዴላው ረጥቦ ቤንዚን ቢሸት፣ ቤንዚኑ ከልክ በላይ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አየር መዝጊያው ተስቦ ሳለ ገመዱ ያለ ልክ ሲጐተት ነው። ያን ጊዜ ገመዱን መቶ ጊዜ መሳብ ነገሩን ያብሰዋል። የቤንዚኑ ቱቦ ተነቅሎ፣ አየር መዝጊያው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ካንዴላው በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ፣ ሞተሩም ጥቂት ጊዜ እንዲተነፍስ ተደርጎ እንደ ገና መሞከር ነው። ካንዴላው ፍጹም ደረቅ ሆኖ ቢገኝ ግን ቤንዚኑ አልደረሰም፤ ማጣሪያው፣ ቱቦው፣ ከካርቡሬተሩም ሥር ያለችው ጽዋ ይመርመሩ። ከጽዋዋ የተቀዳው በብርጭቆ ሲታይ ከሥሩ የተለየ ፈሳሽ ቢተኛ እርሱ ውኃ ነው። ቤንዚን ከሐሙሲት ወይም ከወረታ በጀሪካን ተጭኖ ወደ ባሕሩ ዳር በሚወርድበት አገር፣ ውኃና ቈሻሻ በቀላሉ ሊገባበት ይችላልና ሁልጊዜ በማጣሪያ ሊቀዳ ይገባል።

ብልጭታውን ለመፈተን ካንዴላው በገመዱ ጫፍ እንደ ተሰካ፣ እጀታው ላስቲክ በሆነ ፒንሳ ተይዞ ከሞተሩ ብረት ጋር እየተነካካ ሌላ ሰው ሞተሩን ያዞራል። ብልጭታው ሰማያዊና ብርቱ ከሆነ ደኅና ነው፤ ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ አዲስ ካንዴላ ይሞከር። ይህ ፍተና ቤንዚን በፈሰሰበት ወይም በሸተተበት ስፍራ ከቶ አይደረግም፤ እሳት ያስነሣልና። በአዲስ ካንዴላም ብልጭታ ካልታየ፣ ወይም ገመዱ ሲሳብ ምንም የማይከብድ ሆኖ ግፊት ከጠፋ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የመካኒክ ሥራ ነው።

በጣና ላይ የሚሠራ ሞተር ሌላም ልዩ ጠባይ አለው። ባሕሩ ከውቅያኖስ ጠረፍ ወደ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከጠረፉ አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ለጠረፍ አገር ተለክቶ የመጣ ሞተር በዚህ አየር ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል፤ ቶሎም ይረጥባል። ስለዚህ ሞተር በሚገዛበት ጊዜ ሠሪው ለከፍተኛ ቦታ ያዘጋጀው አነስተኛ የቤንዚን ማሳለፊያ እንዲገጠምለት መጠየቅ ይገባል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጣቸውም ሞተሮች ልካቸው በሠሪው መጽሐፍ የታዘዘው ነው፤ በብዙዎቹ 1 ሊትር ዘይት ለ50 ሊትር ቤንዚን ነው። በግምት ዘይት ማብዛት ሞተሩን መጥቀም ሳይሆን ካንዴላውን ማቈሸሽ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጉዳት የሚበልጠው ሞተሩን አስቀምጦ መርሳት ነው። ለጎርፍ ቀን ተብሎ ከመስከረም እስከ ሰኔ በግምጃ ቤት የተዘጋበት ሞተር በሆዱ የቀረው ቤንዚን ኀይሉ ተኖ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ የካርቡሬተሩንም ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ጎርፉ በመጣ ሌሊት ሞተሩ ዞሮ ዞሮ አልነሣ ቢል ጥፋቱ የዚያች ሌሊት አይደለም፤ የመስከረም ጥፋት ነው። ሞተር ሊቀመጥ ሲል ቱቦው ተነቅሎ በካርቡሬተሩ ያለው ቤንዚን ነድዶ እስኪያልቅ ድረስ ሊሠራ፣ መያዣውም ሊራገፍ ይገባል። ሲሠራም እግሩ ባሕር ውስጥ ወይም ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ ይሁን፤ በደረቁ የሠራ እንደ ሆነ የውኃ መሳቢያው ይቃጠላል።

አንዳንድ ሹማምንት «ባለሙያ ካልሆነ በቀር ማንም አይንካው» ብለው ሞተሩን በቁልፍ ይዘጋሉ። ሐሳባቸው ንብረት ለመጠበቅ ነውና ፈጽሞ የሚነቀፍ አይደለም፤ ያላወቀ እጅ ብዙ ማበላሸቱ እውነት ነው። ነገር ግን መካኒኩ ከባሕር ዳር ወይም ከጐንደር እስኪመጣ ድረስ ጎርፉ አይጠብቅም፤ የሚመጣበትም መንገድ የተቈረጠው በዚያው ጎርፍ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ዕውቀትን መከልከል ሳይሆን ወሰን ማበጀት ነው። ቤንዚንን፣ ማጣሪያንና ካንዴላን የጀልባው ጠባቂ ይመርምር፤ ሲሊንደሩንና የኤሌክትሪኩን ክፍል ለመካኒክ ይተው። ሌሎች ደግሞ አዲስ ሞተር እንዲገዛ ይጽፋሉ። የሚጠብቀው ሰው ያልተመደበለት አዲስ ሞተር ግን በዓመቱ እንደ አሮጌው መሆኑ አይቀርም።

ስለዚህ በባሕሩ ዳር ያሉ ወረዳዎች ሁሉ ሊፈጽሙት የሚገባው ይህ ነው። አንደኛ፤ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ጠባቂና አንድ ምትክ በስማቸው ይመደቡ፤ ከላይ የተነገረውንም ምርመራ በእጃቸው ሠርተው ያሳዩ። ሁለተኛ፤ ከሞተሩ ጋር አንዲት ሣጥን ትኑር፤ በውስጧም ሁለት አዲስ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ትርፍ ማጣሪያ፣ ትርፍ የማጥፊያ ገመድና ንጹሕ ጨርቅ ይገኙ። ሦስተኛ፤ በጀሪካኑ ላይ ቤንዚኑ የተገዛበት ቀን ይጻፍ፤ የቆየውም በአዲስ ይተካ። አራተኛ፤ በግንቦት መጨረሻ ሞተሩ በሹሙ ፊት ይነሣ፤ ከዚያም እስከ መስከረም ድረስ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተነሣ በመዝገብ ይጻፍ።

ይህ ትምህርት ለመሬት ባለይዞታዎችም ይጠቅማል። በርብና በጉማራ ዳር ሽንኩርት ለማጠጣት የሚተከለው የቤንዚን ውኃ መሳቢያ ከጀልባው ሞተር ጋር አንድ ባሕርይ ነው፤ እርሱም አልነሣ ሲል ቤንዚኑና ካንዴላው በዚያው ተራ ይመረመራሉ። አንድ ካንዴላ በማጣት ማሳው ሲደርቅ ማየት ለባለ እርሻ ከባድ ጉዳት ነው።

የካንዴላ ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ የሞተሩም ዋጋ በጎርፍ መካከል በጣራ ላይ ሆኖ ጀልባ ከሚጠብቅ ሰው ነፍስ ጋር አይነጻጸርም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉ፣ የነሐሴ ሥራ በግንቦት ይሠራ። ወረዳውን የሚመረምር አገር ገዥም «ስንት ሞተር አላችሁ?» ብሎ አይብቃው፤ «የትኛው ነው አሁን የሚነሣው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጆሮው ሳይሆን በዐይኑ ይቀበል።