ለሸሻጊ የተጠመደ ወጥመድ ቆጣቢን ሲይዝ

ሀብቱን ከግብር ሰብሳቢ ዓይን ለመሰወር ገንዘቡን ባሕር ማዶ የሚያሻግር ባለጸጋና፣ በሚኖርበት ከተማ ከደመወዙ እየቀነሰ ለልጆቹ ትምህርት የሚቆጥብ ሠራተኛ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ ይገባልን? የአሜሪካ ሕግ «አዎን» ይላል። እኛ ግን «የለም» እንላለን።

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን ባትፈቅድም፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ፈቅዳለች። የሁለቱን አገሮች፣ የኬንያንና የአሜሪካን ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ናይሮቢ ውስጥ የቁጠባ ሒሳብ ቢከፍት፣ ኬንያ ከወለዱ ላይ ግብር ትቆርጣለች። አሜሪካም ግብርን ከነዋሪነት ሳይሆን ከዜግነት ጋር ስላቆራኘች ያንኑ ወለድ ትጠይቃለች። እርግጥ ነው፣ ለኬንያ የከፈለው ይታሰብለታል፤ ብዙውን ጊዜም የሚተርፈው ዕዳ ኢምንት ነው። ትልቁ አደጋ ግን ያለው ከግብሩ ይልቅ በቅጹ ላይ ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ከበለጡ፣ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ማሳወቅ ግዴታው ነው። ገንዘቡ የራሱ ባይሆንም የፈራሚነት ሥልጣን ይበቃል። የእድር ገንዘብ ያዥ አሜሪካዊ ዜጋ ከሆነ፣ የእድርተኛው መዋጮ ሳይቀር በቅጹ ላይ ይሰፍራል። አንዲት ሳንቲም ግብር የሌለበት ሰውም ቅጹን ባለማስገባቱ ሊቀጣ ይችላል። የሚያስገርመው ደግሞ፣ የቅጣቱ ጣሪያ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ ሲል የ10,000 ዶላሩ ወለል ባለበት ተገትሯል።

አሌክሳንድሩ ቢትነር የተባለ የሩማኒያና የአሜሪካ ዜጋ፣ ሆን ብሎ አጥፍቷል ሳይባል 2.72 ሚሊዮን ዶላር ተጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ቅጣቱ በሒሳብ ብዛት ሳይሆን በቅጽ ይቆጠር በማለቱ ወደ 50,000 ዶላር ወረደ። ቢትነር ባለጸጋ ነበር። ስሌቱ ግን ለድሃው አይራራም።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ሕግ አለ። የአሜሪካውያንን ሒሳብ የማያሳውቅ የውጭ ባንክ ከአሜሪካ በሚያገኘው ክፍያ ላይ 30 በመቶ እንዲቀነስበት ያዛል። ይህን የፈሩ አንዳንድ ባንኮች ደንበኛውን ከደጃፋቸው መመለስን መርጠዋል።

«የፓስፖርቱን ጥላ የፈለገ ዋጋውን ይክፈል» የሚሉ አሉ። ስለ ግብሩ ከሆነ መከራከር ይቻላል፤ ከቁጠባው የሚበልጥ ቅጣት ግን የጥላ ዋጋ ተብሎ ሊጠራ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸጥታው ምክር ቤት ኤርትራ በውጭ ከሚኖሩ ዜጎቿ በምትሰበስበው የ2 በመቶ ግብር ጉዳይ ስትወገዝ አሜሪካ ድምፅዋን ሰጥታለች። የተወገዘው ግብሩ በራሱ ሳይሆን፣ ቀጣናውን ለማተራመስ መዋሉና በማስፈራራት መሰብሰቡ ነበር። መልካም! የአሰባሰብ ዘዴ የሚመዘን ከሆነ፣ መዛኙም ሚዛኑ ላይ ይውጣ።

የምንጠይቀው ቀላል ነው፦ ሰው በሚኖርበት አገር የከፈተው ሒሳብና በፈራሚነት ብቻ የያዘው ገንዘብ ከቅጹ ነጻ ይሁን፤ ወለሉም ከኑሮው ጋር ይራመድ። እስከዚያው ግን ቅጹን በጊዜው እንሙላ። ሸሻጊ አይደለንም የምንል ሰዎች ሙግታችንን በአደባባይ ማቅረብ ይገባናል።