መደርደሪያ ላይ የተረሳው ስካነር

የማይሠራ፣ ግን ለመጣል የሚያሳሳ ዕቃ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። የድሮ ቴፕ፣ የፊልም ካሜራ፣ ዘመድ ከውጭ የላከው ስካነር። ዛሬ ስለ ስካነሩ ላንሳ። ብዙ ጊዜ እሱ አልተበላሸም፤ የተለወጠው ኮምፒውተሩ ነው።

ስካነር ከኮምፒውተር ጋር የሚግባባው «ድራይቨር» በሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። አምራቹ ይህን ፕሮግራም የሚያዘጋጀው በጊዜው ለነበረው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውሱ ተቀይሮ አዲስ አስተርጓሚ ካልወጣ ጤነኛው ዕቃ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። ላፕቶፖቹም እንዲሁ ያረጃሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን መሸከም አይችሉም። ለእንዲህ ዓይነቱ ላፕቶፕ አንዱ መፍትሔ ሊኑክስ ነው። ክፍያ የለውም፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ የቻለ ሁሉ ያሻሽለዋል። ከሊኑክስ ዓይነቶች የታወቀው ኡቡንቱ ነው፤ ስሙን ያገኘው በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነትን ከሚገልጽ ቃል ነው።

በጋሞ ዞን፣ ካምባ የሚኖሩት አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጃቸው በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ጭኖ ይማርበታል። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ የወረቀት ሣጥናቸውን ከፍተው አሳዩኝ። የመምህርነት ቅጥር ደብዳቤያቸው፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸው፣ የልጆቻቸው የትምህርት ማስረጃ፣ ከታች ደግሞ ፎቶግራፎች። የደጋው እርጥበት አንዳንዶቹን እርስ በርስ አጣብቋቸዋል። በአንዱ ፎቶ ላይ አምስት ሰዎች ቆመዋል። ስማቸውን የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የለም።

«እኔ ካለፍኩ እነዚህን ሰዎች ማን ብሎ ይጠራቸዋል?» አሉኝ።

አርባ ምንጭ ወስዶ ማስነሳት ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ሣጥኑ በክረምት መንገድ ከቤት እንዲወጣ አልፈቀዱም። ያኔ ነው ልጁ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣውን ስካነር ያወረደው። ስስ ነው፤ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም፣ ኃይሉን የሚወስደው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ነው። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት ቢጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ሥራው አይቆምም።

ልጁ ሰካው፤ ከኡቡንቱ ጋር የሚመጣውን «ዶክዩመንት ስካነር» የሚባለውን ፕሮግራም ከፈተ። ስካነር አልተገኘም የሚል መልስ መጣ። ከዚህ በኋላ ያደረገውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ በእናንተም ቤት ለሚገኝ ልጅ ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ ገመዱን ከማከፋፈያው ነቅሎ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን በዩኤስቢ የተሰኩ ዕቃዎችን እንዲዘረዝር አዘዘው። ስካነሩ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ ገመዱ ደህና ነው ማለት ነው፤ የጎደለው መግባባት ነው።

ሦስተኛ፣ «ሴን» የሚባለውን ተመለከተ። ሴን በሊኑክስ ላይ ስካነሮችን የሚያሠራ የጋራ ፕሮግራም ነው። በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች፣ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ፣ የየስካነሩን አሠራር እያጠኑ አስተርጓሚ ይጽፉለታል። አምራቹ የተዋቸው ሞዴሎች ሳይቀሩ እዚህ ይገኛሉ። ለምሳሌ የካኖን ላይድ 20 እና ላይድ 30፣ ዕድሜ የጠገቡ ቢሆኑም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ዝርዝሩ እያንዳንዱ ሞዴል ሙሉ በሙሉ ይሠራ፣ በከፊል ይሠራ ወይም ጨርሶ አይሠራ እንደሆነ ይናገራል። የእኛው ይሠራል ከሚባሉት ነው።

አራተኛው የፈቃድ ጉዳይ ነበር። ልጁ በኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ሥልጣን ሲሞክር ስካነሩ ተገኘ፤ በራሱ ስም ሲገባ ግን ጠፋ። ሊኑክስ ማን ምን ዕቃ መንካት እንደሚችል ይቆጣጠራል። ስሙን «ስካነር» በሚባለው የተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ አስገብቶ፣ ወጥቶ ተመልሶ ሲገባ ፕሮግራሙ ስካነሩን በስሙ ጠራው። ሁላችንም አጨበጨብን።

ደስታው ግን አልቆየም። ስካነሩ ገርገር የሚል ድምፅ አሰማና ቆመ። ልጁ እንደገና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ አሁን አይቶታል። ለምን እንደማይንቀሳቀስ ግን አልገባኝም።»

«አንተስ አይተኸዋል? እስቲ አምጣው» አሉና ተቀብለው ገለበጡት። መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት ካዩት በኋላ ከሥሩ ያለች ትንሽ ማንሸራተቻ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። አጠገቧ የቁልፍ ሥዕል አለ። በእንዲህ ያሉ ስካነሮች ውስጥ የሚሄደው የማንበቢያ ክፍል በጉዞ ላይ እንዳይናጋ በዚህች ይቆለፋል። ከመደርደሪያው ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ቆልፎት ኖሯል። ገፋ ሲያደርጓት ተከፈተች፤ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ልጁ ስክሪኑን ባያውቅ፣ አያቱም ዕቃውን አገላብጠው ባያዩ ሥራው ባልተሠራ ነበር።

በዚያች ማታ የሠራነው የመጀመሪያ ፎቶ ያ የአምስቱ ሰዎች ነው። አጎቴ ከግራ ወደ ቀኝ ስም ይጠራሉ፣ የማን ልጅ እንደሆነና የት ይኖር እንደነበር ይናገራሉ፤ ልጁ ይጽፋል። ሁለቱን ስሞች እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍቷን በዚህ መንገድ ያተረፈችበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ሥራ በየገዳሙና በየአብያተ ክርስቲያናቱ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋቸዋል። ለየቤታችን ሣጥን ግን እንዲህ ያለ ፕሮጀክት አይመጣም። ሥራው የእኛው የቤተሰቡ ነው።

ለመጀመር ለምታስቡ ጥቂት ምክር አለኝ። ለደብዳቤና ለማስረጃ የስካነሩን ጥራት 300 ላይ፣ ለፎቶ 600 ላይ አድርጉት። ወረቀቱን በፒዲኤፍ፣ ፎቶውን በምስል መልክ አስቀምጡ። የፎቶውንም ጀርባ አንሡ፤ ቀንና ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። የተጣበቁ ፎቶዎችን በጉልበት አትለያዩ፤ ከላይ የሚታየውን እንዳለ አንሡት። ለፋይሉ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ስጡት። አንዱን ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ቤት አስቀምጡ። ዋናው ወረቀት ከተነሣ በኋላም አይጣል፤ ቢሮዎች ኦሪጅናሉን ይጠይቃሉ። ያገለገለ ስካነር ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሞዴሉን ከሴን ዝርዝር ጋር አስተያዩ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ከሰዓት ምረጡና አያትና የልጅ ልጅን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ስካነር ባይኖራችሁ እንኳ በእርሳስ የፎቶዎቹ ጀርባ ላይ ስም መጻፍ ይቻላል። ስካነሩ ፊትን ያስቀምጣል፤ ስሙን የሚሰጡን ግን አዛውንቶቻችን ብቻ ናቸው።