ቴፑ ይዞራል ወይ?

ከቁም ሳጥንዎ ግርጌ የካሴት ካርቶን ይኖር ይሆን? እኛ ቤት አለ። ከዘፈኖቹ መሃል የተቀመጠችው አንዷ ካሴት ግን ዘፈን አይደለችም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1978 ዓ.ም. ለትምህርት ውጭ አገር ሳለ በሰው እጅ የላከልን የድምፅ ደብዳቤ ናት። ስልክ መደወል ውድ በነበረበት በዚያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የሚጨዋወተው እንዲህ ነበር። ዘንድሮ እናቴ "እስቲ አሰሚኝ" አለችኝ። የድሮውን ቴፓችንን ለቆራሌው የሰጠሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት የቴሌግራም ቻናል አንድ የሚያብረቀርቅ ራዲዮ ቴፕ አገኘሁ። "ይሠራል?" ብዬ ጻፍኩ። "በደንብ!" አለኝ። 5,000 ብር ከፍዬ ቤት አስገባሁት፤ ሬዲዮው ይናገራል፣ ቴፑ ግን አይዞርም። ብደውልለት "እህቴ፣ ሬዲዮው ይሠራል አይደል?" አለኝ። አልዋሸም እኮ!

ስለዚህ እርስዎ "ይሠራል?" ብለው አይጠይቁ። ካሴት ገብቶበት ሲጫወት፣ ወደፊትም ወደኋላም ሲያጠነጥን የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክልዎ። ድምፁ የሚጎተት ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሞተሩ ኃይል የምታደርሰው ላስቲክ ነው። ላስቲክ ማሽኑ ሳይነካ ቢቀመጥም ከዓመታት በኋላ ይረግባል፤ አንዳንዱ እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ይህ የሚጠገን ነገር ስለሆነ ዋጋ ያስቀንሱበት እንጂ አይሽሹ። የኔም በሽታ ይኸው ነበር፤ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ በ1,200 ብር አዲስ ላስቲክ አስገባልኝ።

የድንጋይ ማስገቢያውም ተከፍቶ ፎቶ ይነሳ። እዚያ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካዩ፣ የፈሰሰው ድንጋይ ውስጡንም በልቶት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ከጀርባው የተጻፈውን ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣና 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ፣ ያለ ትራንስፎርመር የኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰኩት ይቃጠላል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ የድሮ ሬዲዮ ደግሞ ኤፍኤሙ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ ሸገር 102.1ን አይዝልዎትም። ቀብድማ ዕቃውን በዓይንዎ ሳያዩ በፍጹም አይላኩ።

ቴፑ ቤት ሲገባ የሚሳሱለትን ካሴት ቶሎ አያስገቡ። ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉና፣ መጀመሪያ ክሩ ቢበላም በማያሳዝንዎ ካሴት ይሞክሩት። ከዚያ የቤተሰቡን ካሴት አውጥተው፣ ክሩ ከሚታይበት ጎን በተቃራኒው ጠርዝ ላይ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ይስበሩ። እነሱ ከተሰበሩ የመቅጃው ቁልፍ አይጫንም፤ በስህተት ድምፁ አይጠፋም። (ልጆች ሳለን እዚያ ቀዳዳ ላይ ወረቀት ወትፈን የስንቱን ሰው ካሴት እንዳጠፋን!) ያረጀ ክር መቼ እንደሚበጠስ አይታወቅምና፣ ገና መጀመሪያ ሲያጫውቱት ስልክዎን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀምጠው ይቅረጹት።

እኛ ባለፈው እሑድ ከቡና በኋላ አዳመጥነው። አባቴ ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ጣሪያው ነበር፤ ማፍሰሱን አቆመ ወይ ብሎ። እናቴ ስኒዋን እንደያዘች "አቁሟል" ብላ መለሰችለት።