የአክሱምን ሐውልቶች ያቆሙት ሰዎች ናቸው

የአክሱምን ሐውልቶች ያቆሙት ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው የሚል ቪዲዮ ስንቀባበል እንስቃለን። እኔ ግን ይህ የጠራቢዎቹን ላብ መንጠቅ ነው እላለሁ። ከአክሱም 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የጎቦድራ የድንጋይ ካባ፣ ዓለቱን ለመሰንጠቅ የተፈለፈሉት የሽብልቅ ቀዳዳዎች ዛሬም በረድፍ ይታያሉ።

ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ 520 ቶን ገደማ ይገመታል። ብዙ ተመራማሪዎች ሲያቆሙት ወደቀ ይላሉ። ከሌላ ዓለም የመጣ ኃይል ቢሆን ኖሮ ይወድቅበት ነበር? ሞክሮ መሳት የሰው ነው።

በነርሲንግ ትምህርቴ እንደማየው፣ አንድ በሽተኛ እንኳ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዛወረው ብዙ እጆች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ተብሎ አብረው ሲያነሱ ነው። እዚያም የቆጠረ፣ የሳበ፣ የደከመ ሰው ነበረ። ታናናሾቻችን «ማን ሠራው?» ሲሉን «የአክሱም ሰዎች» እንበላቸው።