ቆሞ የሚውለው አምቡላንስ

በአንዲት ከተማ በየሰዓቱ በአማካይ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጠራል እንበል። መኪናው ሄዶ፥ በሽተኛውን ሆስፒታል አድርሶ፥ ታጥቦ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ለከተማዪቱ ስንት አምቡላንስ ይበቃታል? «አንድ» ብለው እንደ ሆነ አይፈሩ፤ ማካፈል የሚያውቅ ሁሉ እንዲሁ ይላል።

ነገር ግን ሕመም ቀጠሮ አያውቅም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰው ይጠራና ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኩ ዝም ይላል። ጥሪው እንዲህ በዘፈቀደ ሲመጣ፥ መኪናው ከተመለሰ በኋላ ቀጣዩን ጥሪ በአማካይ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፤ ከዚያም አንድ ሰዓት በሥራ ላይ ነው። እንግዲህ የጊዜው እኩሌታ ተይዟል፤ ከሁለት ጠሪዎችም አንዱ «መኪና የለም» ይባላል። ጠሪዋ ምጥ የያዛት ሴት ብትሆን አማካዩ ለርሷ ምኗም አይደለም።

ይኽን የሒሳብ መንገድ የቀየሰው ሐኪም አይደለም፤ በኮፐንሐገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ባወጣው ቀመር፥ መስመሮቹ ሁሉ ተይዘው ደዋዩ መስመር የሚያጣበትን ዕድል አሰላ። በመስመር ፈንታ መኪና ብናስገባ ቀመሩ ለእኛም ይሠራል (መኪና ያጣው ሰው ሳይጠብቅ በሌላ መንገድ ይሄዳል ብለን ነው)። በ1 መኪና ከ2 ጠሪዎች 1 ያጣል፤ በ2 መኪና ከ5 አንዱ፤ በ3 ከ16 አንዱ፤ በ4 ግን ከ65 አንዱ ብቻ።

አሁን ሒሳብ መርማሪው ይመጣል። አራቱ አምቡላንሶች ከጊዜያቸው ሦስት አራተኛውን ያኽል ቆመው ሲያሳልፉ፥ ነጂዎቹም ቡና ሲጠጡ ያያል፤ «ሁለቱ ይሸጡ» ብሎም ይጽፋል። ሁለቱ ሲሸጡ ከ65 አንዱ ከ5 አንዱ መሆኑ በመዝገቡ ላይ አይታይም። እኔ ግን ከተማዪቱ ገንዘቧን የምታወጣው ለዚሁ ቆሞ መዋል ነው እላለሁ።

መኪኖቹ የት ይቁሙ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ከቀደሙት ስሌቶች ብዙዎቹ መኪናው ሁልጊዜ በጣቢያው ይገኛል ይሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሪቻርድ ላርሰን፥ በ1983 ደግሞ ማርክ ዳስኪን፥ መኪናው በሥራ ላይ ሊሆን እንደሚችል በስሌታቸው አገቡ።

በሰሌዳ ላይ ስናሠራው ተማሪዎቼን ይበልጥ የሚገርማቸው ግን ይኽ ነው። ሆስፒታሉ በሽተኛውን ቶሎ ሳይቀበል ቀርቶ ያንዱ ጉዞ ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ቢረዝም፥ በ3 መኪና ከ16 አንዱ የነበረው ከ19 አራት ይሆናል። መኪና አልጎደለም፤ ነጂም አልሰነፈም፤ አምቡላንሱ አልጋ እስኪገኝ በሆስፒታሉ በር ቆሞ ነው።